«አልፍሬድ» በእርግጥ የጋኔን ስም ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። ወንድ ልጅ ልንወልድ ሦስት ወር ቀርቶናል። ባለቤቴ በቅድመ አያቱ ስም አልፍሬድ እንበለው ይላል። እኔም ስሙን አልጠላሁትም። ችግሩ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ናት። የእህቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ "የጋኔን መካሪ ማለት ነው" አላት። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ታለቅሳለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ "አል" ስላለበት የዐረብ ስም ነው ይላል። ጓደኞቼ የፍሬድሪክ ዘመድ ነው፣ የሽማግሌ ስም ነው ይሉኛል። እኔ ግን መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ "አልፊ! አልፊ!" ሲባል ነው የምሰማው። የቱ ነው እውነቱ? እናውጣለት ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦ ጋኔኑን እናስቀድም፤ እናትዎን እንቅልፍ የነሳቸው እሱ ነውና።

አልፍሬድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ስም ነው። ሁለት ቃላት ተገጣጥመው የሠሩት ነው፦ «አልፍ» እና «ሬድ»። «ሬድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ምክር ማለት ነው። ይህኛው አያከራክርም። ጣጣው ያለው «አልፍ» ላይ ነው። ቃሉ ዛሬ «ኤልፍ» ሆኗል። የዛሬው ኤልፍ በገና ሰሞን የሚታየው ጆሮው ሹል፣ ቆቡ አረንጓዴ ትንሽ ፍጡር ነው። የእህትዎ ልጅ ይህን ቃል ወደ አማርኛ ሲመልስ ያገኘው ቃል «ጋኔን» ሆነ። ስለዚህ ልጁ ዝም ብሎ አልፈጠረም። የተሳሳተው የአማርኛውን ቃል ሲመርጥ ነው።

የጥንት እንግሊዞች «አልፍ» የሚሉት የማይታይ፣ ከሰው ከፍ ያለ፣ መልኩ የሚያምር ፍጡር ነበር። ትንሽም፣ ጆሮ ሹልም አልነበረም። ዲያብሎስን ሲጠሩ ሌላ ቃል ነበራቸው፣ «ዴዮፎል» የሚባል። ሁለቱን አያምታቱም። ከእኛ ቃላት የሚቀርበው ጋኔን ሳይሆን ቆሌ ወይም ውቃቢ ነው። እሱም ቢሆን ልክክ አይልም። ግን ያስቡት፦ እሑድ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት «ውቃቢዬ አልወደደውም» ትላለች። ሰው ሲዋረድ «ቆሌው ተገፈፈ» እንላለን። ይህን ስንል ማን ጋኔን ያስባል?

ለእናትዎ የሚነግሩት አንድ ማስረጃ ከፈለጉ ይህን ይንገሯቸው። ከሺህ ዓመት በፊት መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ ግጥም ያቀረቡ ክርስቲያን ገጣሚዎች ነበሩ። የአብርሃምን ሚስት ሣራን ቆንጆ ናት ለማለት የተጠቀሙበት ቃል «እንደ አልፍ ያማረች» የሚል ነው። የመጽሐፈ ዮዲቷን ዮዲትንም እንዲሁ ብለዋታል። ቃሉ ጋኔን ማለት ቢሆን ኖሮ አንድ መነኩሴ ሣራን እንዲህ ብሎ አይጠራትም ነበር።

ጳጳሳቱም ስሙን ይዘውታል። በ1012 ዴኖች፣ ከዴንማርክ የመጡ ወራሪዎች፣ የገደሉት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ስሙ አልፍሄያ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «አልፍ» እና «ከፍ ያለ» ማለት ነው። ለነፍሱ ቤዛ ገንዘብ እንዳይከፈል ከለከለ፣ በበሬ አጥንት ወግረው ገደሉት። ዛሬ ሰማዕት ነው። ለንደን ውስጥ ግሪኒች ቢሄዱ ሞተበት በሚባለው ቦታ ላይ በስሙ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። እናትዎ እንግሊዝ ከመጡ ወስደው ያሳዩዋቸው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውንም ልንገርዎ። በዚያው ዘመን የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ አልፎች ሰውን ይለክፋሉ፣ በሽታ ያመጣሉ የሚል አለ። «የአልፍ በሽታ» የሚባል ሕመም ከነመድኃኒቱ ተጽፏል። አንድ ታዋቂ ጥንታዊ ግጥምም አልፎችን ከቃየል ዘር ጋር ይደምራቸዋል። ስለዚህ ቃሉ ሁልጊዜ ደግ ብቻ ነበር የሚልዎት ሰው ግማሹን ደብቆዎታል። በሰው ስም ውስጥ ሲገባ ግን ክፉው ትርጉም አይከተልም። ልጁን ሊረግም ብሎ ስም የሚያወጣ ወላጅ የለም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ስህተት አለ። በእኔ ግምት የጭንቀቱ ሁሉ ሥር እሱ ነው። የእኛ ጥምር ስም ዐረፍተ ነገር ወይም ሐረግ ነው። ገብረ ማርያም ሲባል የማርያም አገልጋይ ነው፣ ኃይለ ሥላሴ ሲባል የሥላሴ ኃይል ነው። ስለዚህ የሌላውንም ሰው ስም በዚያው ዓይን እናነባለን፦ «አልፍ» ሲደመር «ምክር»፣ እንግዲህ «የአልፍ መካሪ»። የጥንት እንግሊዝ ስም እንዲህ አይሠራም። እነሱ የተወሰኑ የተከበሩ ቃላት ነበሯቸው፦ ክቡር፣ ሀብት፣ ተኩላ፣ ድንጋይ፣ ብሩህ፣ ጠባቂ፣ ኃይል፣ አልፍ፣ ምክር። ከእነዚህ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ያደርጉና ስም ይሆናል። ሁለቱ ተያይዘው ትርጉም መስጠታቸው ግዴታ አልነበረም።

የዉስተሩን ጳጳስ ቅዱስ ዉልፍስታንን ይውሰዱ። በ1095 ነው ያረፈው። ስሙ ቃል በቃል «ተኩላ ድንጋይ» ነው። ምን ማለት ነው? ምንም። እናቱ ዉልፍጊፉ ነበረች፣ አባቱ ኤቴልስታን። ከእናት ስም ራሱን፣ ከአባት ስም ጭራውን ወስደው ሰጡት። አለቀ። የተኩላ ድንጋይ የት እንዳለ የጠየቀ የለም።

ንጉሣውያኑ ደግሞ አንዱን ቃል ለዘር ምልክት ይይዙት ነበር። የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ የታላቁ አልፍሬድ አባት ኤቴልውልፍ ነበር። ወንድሞቹ ኤቴልስታን፣ ኤቴልባልድ፣ ኤቴልበርት፣ ኤቴልሬድ፤ እህቱ ኤቴልስዊዝ። ሁሉም «ኤቴል» ናቸው፣ ክቡር ማለት ነው። የመጨረሻው ልጅ ብቻ በ«አልፍ» ጀመረ። በአናባቢ መጀመሩን ግን ጠበቀ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የነገሥታቶቻችንን የመንግሥት ስሞች ይቁጠሩ፦ ልብነ ድንግል ወናግ ሰገድ፣ ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ፣ ሚናስ አድማስ ሰገድ፣ ታላቁ ኢያሱ አድያም ሰገድ። «ሰገድ» የቤቱ ማኅተም ነው። ልዩነቱ የእኛ ትርጉሙንም አብሮ መሸከሙ ነው።

እንግሊዞቹ የቃላቱን ትርጉም ጨርሶ አያስተውሉም ነበር ማለቴ አይደለም። ከ978 ጀምሮ የነገሠ ሌላ ኤቴልሬድ ነበር። አገሩ በዴኖች እጅ ወደቀ። ኋላ የወጣለት ቅጽል ስም «ኡንሬድ» ነው፣ ምክር የለሽ። ስሙ «ክቡር ምክር»፣ ቅጽሉ «ምክር የለሽ»። የእኛን ቅኔ አዋቂ የሚያስቀና ስድብ ነው። ቃሉ ሲፈለግ ይሰማል ማለት ነው፤ ልጅ ሲጠራ ግን ስም ስም ብቻ ነው።

ሌሎቹን ሁለት ጥርጣሬዎች ባጭሩ ልዝጋቸው። ዐረብኛ አይደለም። መጀመሪያው ላይ ያለው «አል» የዐረብኛው አመልካች ቃል (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለው) ሳይሆን የ«አልፍ» ግማሽ ነው። ከፍሬድሪክም ጋር ዝምድና የለውም። የፍሬድሪክ «ፍሬድ» ሰላም ከሚል ቃል የመጣ ነው። በአልፍሬድ ውስጥ ግን «ፍ» የፊተኛው ቃል መጨረሻ፣ «ሬድ» የኋለኛው ነው። አልፍ-ሬድ እንጂ አል-ፍሬድ አይደለም። ሁለቱም ሲያጥሩ «ፍሬድ» ስለሚባሉ ነው ሰው የሚምታታው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ይህ ስም ዛሬ የሚታወቀው በአንድ ሰው ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አልፍሬድ በ871 የዌሴክስ፣ ማለትም የደቡብ እንግሊዝ መንግሥት፣ ንጉሥ ሲሆን ሦስት ወንድሞቹ ተራ በተራ ነግሠው ሞተዋል። ዴኖች የእንግሊዝን ሌሎች መንግሥታት አንድ በአንድ ውጠዋል። በ878 የብርድ ወቅት፣ ገና ከጥምቀት በዓል ሳይወጡ፣ የዴኖቹ መሪ ጉትረም ድንገት ወረደበት። ንጉሡ ጥቂት ሰው ይዞ ሶመርሴት ውስጥ አተልኒ የሚባል ረግረግ ውስጥ ተደበቀ። ዳቦ አሳረረ፣ ባልቴት ሰደበችው የሚባለው ተረት የዚህ ጊዜ ነው። ተረቱ ከሱ ሞት በኋላ የተጨመረ ነው። በግንቦት ወጥቶ ሠራዊት ሰበሰበና ኤዲንግተን ላይ ጉትረምን ድል ነሳው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእርስዎ ጥያቄ ቅርብ ነው። ጉትረም ተጠመቀ። ክርስትና ያነሳው ራሱ አልፍሬድ ነበር። አዲስም ስም ሰጠው፣ ኤቴልስታን ብሎ። ያ የትናንት ጠላት ምሥራቅ አንግሊያን ሲገዛ ገንዘቡን ያስቀረፀው በዚህ በክርስትና ስሙ ነው። «የጋኔን መካሪ» የተባለው ሰው አረማዊ የጦር አለቃ ክርስትና አስነስቶ፣ የስም አባት ሆኖ ነው የሚታወቀው። እናትዎ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ባየሁ።

አልፍሬድ ከጦርነቱ ሌላ የሚነሳበት ነገር አለ። ሰዉ ላቲን ማንበብ ትቷል ብሎ አዘነ። ሰው ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገባ ያላቸውን መጻሕፍት ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ማስመለስ ጀመረ። እሱም ራሱ በትርጉሙ እጁ እንዳለበት ይነገራል። በ1693 ሶመርሴት ውስጥ አንድ የወርቅ ጌጥ ተገኝቷል። ዛሬ ኦክስፎርድ፣ አሽሞሊየን ሙዚየም ነው ያለው። ጠርዙ ላይ በጥንቱ እንግሊዝኛ «አልፍሬድ አሠራኝ» ይላል። ጌጡ ራሱ ነው የሚናገረው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ፣ በአውሮፓው ኦክቶበር 26 ታስበዋለች።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ሰው የያዘው ስም ከ1066 በኋላ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ስማቸውንም ይዘው ገቡ፦ ዊሊያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ሄንሪ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ገበሬው ሳይቀር ልጁን ዊሊያም ማለት ጀመረ። ጌታው እንዲህ ከተባለ ማን የድሮ ስም ይይዛል? ኤድዋርድ የተረፈው ቅዱስ የተባለ ንጉሥ ስለነበረውና ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ በሱ ስም ልጁን ስለጠራ ነው። ለአልፍሬድ እንዲህ ያለ ጠበቃ አልተገኘለትም። በላቲን መዝገብ «አሉሬድ» ተብሎ ተጻፈ። በኖርማኖቹ አፍ ተጣሞ «ኤቨሪ» የሚባል ሌላ ስም ወጣው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቼ ኤቨሪ የምትባል ሴት ልጅ ሳያውቁ አይቀሩም። እሷም በሩቁ የአልፍሬድ ልጅ ናት።

ስሙን ከመቃብር ያወጣው ፖለቲካ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ታላቁ» የሚል ቅጽል ተሰጠው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ለነፃነታቸውና ለባሕር ኃይላቸው አባት ሲፈልጉ እሱን አገኙ። «ሩል ብሪታኒያ» የሚባለው መዝሙር መጀመሪያ የተዘመረው በ1740፣ በአልፍሬድ ታሪክ ላይ በተሠራ ትርዒት ውስጥ ነው። በ1780 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አንዱን ልጁን አልፍሬድ አለው፤ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። በ1844 ንግሥት ቪክቶሪያ ሁለተኛ ወንድ ልጇን አልፍሬድ አለች። ከዚያማ ሕዝቡ ተከተለ። ገጣሚው ቴኒሰንና የተፈጥሮ ተመራማሪው ዋላስ ከዚያ በፊት፣ የፊልም ሠሪው ሂችኮክ ከዚያ በኋላ የተወለዱ አልፍሬዶች ናቸው። ስሙ ባሕር ተሻግሮም ለፈረንሳይ የጦር መኮንኑን ድሬፉስን፣ ለስዊድን የሽልማቱን ኖቤልን፣ ለጀርመን ሳይንቲስቱን ቬግነርን ሰጠ። በ1901 ዊንቸስተር ላይ ሰይፉን ወደ ላይ ያነሳ ትልቅ ሐውልት ቆመለት። የሞተበት ሺህኛ ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ዛሬ የታሪክ ሰዎች የሞተው በ899 ነው ይላሉ። ድግሱ ሁለት ዓመት ዘግይቷል ማለት ነው።

የባለቤትዎ ቅድመ አያት በዚያ ግድም ከተወለዱ ስማቸው የሰፈር ስም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አልፍሬድ በእንግሊዝና በዌልስ ከሃያዎቹ ቀዳሚ የወንድ ስሞች አንዱ ነው። የመሳፍንት ስም የፋብሪካ ሠራተኛ ስም ሆነ፣ «አልፍ» ተብሎም አጠረ። ኳስ ለሚወዱ፦ በ1966 እንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ስትበላ አሠልጣኙ አልፍ ራምሴይ ነበር። በ1920 ነው የተወለደው። ያ ትውልድ ሲያረጅ ስሙም አብሮ አረጀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወላጆች ሸሹት። ጓደኞችዎ «የሽማግሌ ስም» የሚሉት ይህን ዘመን ይዘው ነው። አልተሳሳቱም፣ ግን ዜናቸው አርባ ዓመት አልፎበታል።

ስም የሚመለስበት ልማድ አለው። የአባት ትውልድ ስም ይሰለቻል። የአያት ስም ያረጀ ይመስላል። የቅድመ አያት ስም ግን ውብ ይሆናል፤ የሚያስታውሰው ሰው ስለሌለ ነው። እኛም ጋ ከበደና አበበ ዛሬ ለሕፃን ብዙም አይወጡም። ሁሉም ናሆም፣ ሁሉም ያሬድ ነው። ሃምሳ ዓመት ይጠብቁና አንዱ ወጣት ልጁን ከበደ ብሎ «እንዴት ደስ ይላል!» ሲባል ይሰማሉ።

እንግሊዝ ውስጥ የተመለሰው መጀመሪያ በቁልምጫው ነው። እዚያ ቁልምጫ በልደት ወረቀት ላይ እንደ ሙሉ ስም ይመዘገባል። ጃክ፣ ሃሪ፣ ቻርሊ፣ አልፊ። በ2010 እና በ2011 አልፊ በእንግሊዝና በዌልስ ከወንድ ስሞች 4ኛ ነበር። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ የሚሰሙት ይህንን ነው። ሙሉው አልፍሬድ ደግሞ ዘግየት ብሎ፣ ባለፉት ዓመታት ውስጥ ወደ መቶዎቹ ቀዳሚ ስሞች ተመልሶ ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መመለስ አልታየም። እዚያ አልፍሬድ ዛሬም አያት ነው።

ደረጃ ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእንግሊዝ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው ፊደሉን ነው። አልፊ ለብቻ፣ አልፍሬድ ለብቻ፣ በሰረዝ የተያያዘ አልፊ-ጄምስ ለብቻ። ስለዚህ «አልፍሬድ ብዙም የተለመደ አይደለም» የሚል ሰንጠረዥ አይተው ልጄ በክፍሉ ብቸኛ ይሆናል ብለው እንዳይዘናጉ። ሌላው ልጅ ወረቀቱ ላይ አልፊ ነው፣ የእርስዎም ሲጠራ አልፊ ነው። መምህሯ «አልፊ» ስትል ሁለቱም ይዞራሉ።

ወደ እኛ አገር ታሪክ ልምጣ፤ እዚህ አንድ አልፍሬድ አለን። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1870ዎቹ መጨረሻ ሸዋ ገባ። ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ነበሩ። ኢልግ ከእሳቸው ጋር ወደ ሦስት አሥርት ዓመት ሠራ። የጅቡቲው ባቡር ፈቃድ በ1894 የተሰጠው ለእሱ ነው። ከዐድዋ በኋላ በነበረው የውጭ ጉዳይ ሥራም እጁ ነበረበት። ማዕረጉ ምን ነበር? የመንግሥት አማካሪ። «ሬድ» ምክር ማለት መሆኑን ያስታውሱ። የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን እናትዎ «የማን መካሪ?» ብለው ከጠየቁ «የእምዬ ምኒልክ» ብሎ መመለስ ይቻላል። ቢያንስ ያስቃል።

አሁን ምርጫዎቹን እንይ። አንዱ ስሙን መተው ነው። በትርጉሙ ፈርተው ከሆነ የሚተዉት ምክንያት የለዎትም። ሁለተኛው አልፊ ብሎ ማስመዝገብ ነው። ይህን አልመክርም። ለሕፃን ያምራል፣ ለአርባ ዓመት ሰው ይጠበዋል። ከአልፍሬድ ወደ አልፊ መውረድ ወረቀት አይፈልግም። ከአልፊ ወደ አልፍሬድ መውጣት ግን ሕጋዊ የስም ለውጥ ይጠይቃል። ሦስተኛው አልፍሬድን በሙሉ ማስመዝገብ ነው። ምክሬ ይህ ነው፣ ያለ ማመንታት።

ከሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ስም ያስገቡለት፤ እሱም የአባትዎ ስም ይሁን። እዚያ አገር ልጁ የባለቤትዎን ቤተሰብ ስም ይዞ ስለሚኖር ከእርስዎ በኩል የሚቀርለት ነገር የለም። በእኛ ልማድም ቢሆን የእናት አባት ስም ከልጅ ስም ጋር አይሄድም። በእንግሊዝ ልደት ወረቀት ላይ ግን መሃሉ ባዶ ነው፣ ቦታ አለ። እናትዎ ስለ አልፍ ከሚያስቡ የባላቸው ስም ከልጅ ልጃቸው ስም መሃል ተጽፎ ቢያዩ ይሻላል። እኔ በትርጉም ከምከራከር ይህ ቶሎ የሚያስታርቃችሁ ይመስለኛል።

ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ ልጁን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የምታስጠምቁት ከሆነ አልፍሬድ ለጥምቀት አያገለግልም፤ ማገልገልም አይጠበቅበትም። ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጡታል፣ ወልደ እገሌ ወይም ገብረ እገሌ። ዓለማዊ ስምና የክርስትና ስም መለየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተፈሪ መኮንን ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ምኒልክ ሣህለ ማርያም ነበሩ። እናትዎ ያንን ስም ይዘው ይጸልዩለት። አልፍሬድን ለትምህርት ቤት ይተዉት።

ጥቂት ጥንቃቄዎች ልጨምር። የስም ትርጉም የሚሰጡ ድረ ገጾችን አትመኑ፤ አብዛኞቹ አንዱ የሌላውን ነው የሚገለብጠው። በአንድ ቃል ትርጉም የሚሰጥ ገጽ ካዩ ይለፉት። በአማርኛ ሲጽፉ «አልፍሬድ» ይበሉት። ኖቤልንም ኢልግንም የምንጽፈው እንዲሁ ነው። እንግሊዞቹ ሲጠሩት ጭራው ወደ «ሪድ» ይጠጋል፤ ለጽሑፍ ግን የተለመደው ይበቃል። አንዱ ወረቀት ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ከተጻፈ ኋላ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ሲያወጡለት ጣጣ ነው። ቁልምጫው ላይ ደግሞ ቀልድ ይዘጋጁ። «አልፊ» በእኛ ጆሮ ለሴት ከሚባለው «እለፊ» ጋር ይቀራረባል። የአጎት ልጆች እስኪሰለቻቸው ድረስ ይስቁበታል። የማውቃቸው አንዲት አያት ግን በራሳቸው ተርጉመውት «እልፍ ፍሬ» ይሉት ነበር፣ አሥር ሺህ ፍሬ። የቋንቋ ባለሙያ ሆኜ ስህተት ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በእንግሊዝ ልጅ በተወለደ በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከተመዘገበ በኋላ ሐሳብዎን ከቀየሩ በ12 ወር ውስጥ መጠሪያ ስሙን ማስለወጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ግን ከመዝገቡ አይፋቅም፣ ጎን ለጎን ይኖራል። ስለዚህ «ለጊዜው እንመዝግበው» አይበሉ። የወንድ ልጅ ክርስትና በ40 ቀኑ ነው። እናትዎ ለክርስትናው ከመጡ ለመከራከር ሁለት ቀን ይተርፋችኋል።